የሰማሽውን ንገሪኝ

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ የመምህራን ኮሌጅ ጽሑፍና ንግግር ያስተምር ነበር።

ምንተስኖት፣ ጥያቄህን ዘልዬ ወደ ተረት የገባሁ አይምሰልህ። ሰምቼሃለሁ። ለተማሪዎችህ የጽሑፍ ማስተማሪያ አዘጋጅተሃል፤ መግቢያው ላይ የእኚያ ሽማግሌ ምሁር ስም ይግባ ወይስ ይቅር ነው ጥያቄህ። ስትጀምር የእሳቸውን ወገን ያዝክና፣ እሳቸው እዚህ ወንበር ላይ ቢቀመጡ የሚሉትን አንድ ሳታስቀር ነገርከኝ። ቀጥለህ የራስህን ተናገርክ። የማስተማሪያውን ሐሳብ እሳቸውን ከማንበብህ በፊት ራስህ ደርሰህበት ነበር፤ አገሩ ሁሉ የእሳቸውን ስም እየጠራ አንተም የምትጨምርበት ምክንያት አልታየህም። አቀራረብህ ደስ ብሎኛል። መልሴ ግን በዚህ ሰውዬ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ትንሽ ታገሠኝ። ሰውዬው እኔ እንደሆንኩም በልብህ አትጠርጥር፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ሂሳብ ነው።

ሰውዬው በሙያው የተዋጣለት ነበር። ይህን መካድ ነውር ነው። ሲናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ሲጽፍ ቃላቱ ተመርጠውና ተሸልመው ነው የሚወጡት። ተማሪዎቹ የድርሰት አጀማመሮቹን በቃላቸው ይዘው ለፍቅር ደብዳቤ ሳይቀር ይጠቀሙባቸው ነበር። ወረቀት ሲያርም ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ አይበቃውም፤ ልጁ ወረቀቱን ሲቀበል ራሱ የጻፈውን ከቀለሙ ሥር ፈልጎ አያገኘውም። ይህም ያስፈራው ነበር፣ ያስከብረውም ነበር። በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ጽሑፍ የተባለ ነገር ከተነሣ የሚጠራው እሱ ነው፤ እሱም መጠራቱን ይወድ ነበር።

ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረ ድንበሩ የሚባል መምህር ነበረ። አንድ ቢሮ ተሰጣቸው፤ ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ሆነ። ድንበሩ ዝምተኛ ነው፤ ሲያስተምርም ድምፁ ከፊተኞቹ ወንበሮች ብዙ አያልፍም። ጽሑፉም እንደ ድምፁ ነው፣ ጌጥ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰውዬው ድንበሩን ይወደው ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚወደው ስለማያሰጋው ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱ ምሳ ሲበሉ ሰውዬው በተማሪዎቹ ተማርሮ፣ «እነዚህ ልጆች እኮ የጻፉትን ራሳቸው እንኳ አይሰሙትም» አለ። ይህን ብሎ መብላቱን ቀጠለ። ድንበሩ ግን እጁን ከትሪው ላይ አንሥቶ ቆየ፤ ከዚያ ወዲያ አልበላም። ሰውዬውም ወጡን ብቻውን ጨረሰው።

በማግስቱ ድንበሩ ተማሪዎቹን ከክፍል አወጣና በግቢው ጥዶች ሥር ሁለት ሁለት አድርጎ አስቀመጣቸው። አንዱ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላው አያርምም፣ አይተችም፣ ጎበዝም አይልም፤ የሰማውን ብቻ መልሶ ይነግረዋል። ሰሚው የሳተው ወይም የዘለለው ነገር ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ጸሐፊው ራሱ ምልክት ያደርግና ሄዶ እንደገና ይጽፈዋል። ድንበሩ በመካከላቸው እየተዘዋወረ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የሰማኸውን ንገረው። የመሰለህን አይደለም፤ የሰማኸውን።»

ሰውዬው በቢሮው መስኮት ይህን አይቶ ሳቀ። ድንበሩ ግቢውን ገበያ አደረገው ብሎ ለሌሎቹ መምህራን አወራ፤ እነሱም ሳቁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም። የድንበሩ ልጆች መጻፍ ቻሉ። ከመካከላቸው አንዱ የሰፈሩ ሰዎች ስለ ውሃ የሚያቀርቡትን አቤቱታ ጻፈላቸው፤ መጀመሪያ ለራሳቸው አንብቦላቸው፣ የሰሙትን አስነግሯቸው፣ ያልሰሙትን አስተካክሎ ነበር። አቤቱታውን የተቀበለው ሹም አንብቦ ሲጨርስ ምን እንደተጠየቀ ገባው። በዚያ መሥሪያ ቤት ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ስላልነበረ ወሬው ኮሌጁ ድረስ መጣ።

እየቆየ ነገሩ ሰፋ። ተመርቀው የወጡት ልጆች በየደረሱበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡ። ሌሎች ኮሌጆች ድንበሩን እየጠሩ አስረዳን አሉት። እሱም እየሄደ፣ በዚያች በማትሰማ ድምፁ አስረዳቸው። ከጊዜ በኋላ «የድንበሩ መንገድ» የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ድንበሩ ግን አልነበረም።

ሰውዬው ሆዱ አረረ። ያችን የምሳ ሰዓት አልረሳትም። ከእኔ አፍ ነው የወጣው፣ እዚያ ትሪ ላይ፣ እኔ ነኝ ያልኩት እያለ ያሰላስላል። እያሰላሰለም ነገሩ ያድግበታል። መጀመሪያ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረ የተናገረው፤ በሁለተኛው ዓመት ሐሳቡን በሙሉ እንዳስረዳው ይታወሰው ጀመር፤ ኋላ ላይማ ጥዶቹን ሳይቀር ያመለከተው እሱ መሰለው። ቅናት እንዲህ ነው፤ ያልነበረውን ሁሉ እያስታወሰ ይሰጥሃል።

ይህ ሁሉ በልቡ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ሰው ግን አላስቀምጥ አለው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ የቢሮውን በር ያንኳኳል፤ ሰውዬው ቀና ሲል፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ መምህር ድንበሩ የሚቀመጡት እዚህ ነው?» ይለዋል። እሱም በአገጩ ፊት ለፊት ያለውን ጠረጴዛ ያመለክታል። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ሥራው ይኸው ሆነ፣ ጠረጴዛ ማመልከት። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ሌላ ከተማ ሄዶ ከአንድ ወጣት መምህር አጠገብ ተቀመጠ። ልጁ ሰውዬው የሚያስተምርበትን ኮሌጅ ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ሰውዬውም ዝናው እዚህ ድረስ መድረሱን ጠርጥሮ ቀና አለ። ልጁ የጠየቀው ግን መምህር ድንበሩን በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ነበር። ደህና ሰው ነው ብሎ መለሰለት፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ሰው ያጋንነዋል እንጂ» ብሎ ጨመረበት።

አንድ ዓመት ላይ የድንበሩ መንገድ በኮሌጁ ሁሉ እንዲሠራበት ሐሳብ ቀረበ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰውዬው ተቃውሞውን በጽሑፍ አቀረበ፤ የትምህርት ጊዜ ያባክናል፣ ያልተማረ ያልተማረውን ያስተምራል፣ መምህሩን ሥራ ፈት ያደርጋል የሚል ነበር። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም። ጌጡ ጥቂት፣ ነጥቡ ግልጽ፣ አንድም ቃል የማይነቀልለት ነበር። ኮሚቴው አንብቦ ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው፤ ያ ሌላ ጊዜም ሳይመጣ ቆየ።

ድንበሩ ጽሑፉን አግኝቶ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አነበበው። ሰውዬው በወረቀት ተከልሎ ጠብ ጠበቀ። ድንበሩ አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ «በጣም ጥሩ ተጽፏል። የምትለው ሁሉ ገብቶኛል» አለው። ሽሙጥ አልነበረበትም፤ ድንበሩ ሽሙጥ አያውቅበትም። ሰውዬውን ከስድብ የበለጠ ያቃጠለው ይህ ነበር።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ድንበሩ ታመመ፤ ጡረታ ሳይወጣ ሞተ። ሰውዬው ለለቅሶ ሲሄድ የሟቹ ታላቅ ወንድም ከድንኳኑ ጥግ ጠርቶ አነጋገረው። በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እሱ እንዲጽፈውና እሱ እንዲያነበው ቤተሰቡም ኮሌጁም ተስማምተዋል። አንድ ቢሮ ስትኖሩ አረጃችሁ፣ ካንተ የበለጠ የሚያውቀው ማን አለ አለው ወንድምየው። ሰውዬው ራሱን ዝቅ አድርጎ እሺ አለ። ከድንኳኑ ሲወጣ ግን ልቡ ውስጥ ያለው ኀዘን ብቻ አልነበረም።

ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። የሕይወት ታሪክ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንዴ በሕዝብ ፊት ከተነበበ በኋላ የሟቹ ሕይወት ማለት እሱ ነው፤ ኮሌጁ በመጽሔቱ ያትመዋል፣ ልጆቹ በሣጥን ያስቀምጡታል። እዚያ ውስጥ ያልገባ ነገር ከጊዜ ብዛት እንዳልነበረ ይሆናል። አልዋሽም አለ በልቡ፤ የምተወውን እተዋለሁ እንጂ አልዋሽም።

ጻፈ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ፣ ትዳር መሠረቱ፣ የእነዚህ ልጆች አባት ሆኑ። ጌጡን አልሰሰተበትም፤ ድንበሩን ብርሃን አለው፣ ዓምድ አለው፣ ምንጭ አለው። ወደ ጥዶቹ ሥር ትምህርት ሲደርስ እስክሪብቶውን አንሥቶ ብዙ አሰበ። ከዚያም፣ «በጊዜው በባልደረቦች መካከል በተነሣ ሐሳብ መነሻነት በልዩ ልዩ የማስተማር ሥራዎች ተሳትፈዋል» ብሎ ጻፈ። አነበበውና ደስ አለው። ውሸት የለበትም፣ ድንበሩም የለበትም፤ ከባልደረቦች አንዱ ደግሞ ማን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ባለቤቱ ለቀብሩ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ጊዜው እየደረሰ ነው አለችው። «ቁጭ በይማ» አላት። ቁጭ አለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበላት፤ ድምፁን እዚያው በሚነበብበት ልክ አድርጎ። ሲጨርስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ «የሰማሽውን ንገሪኝ» አላት።

«አንድ የተማረ ሰው ሞቷል» አለች። «የት እንደተወለደ ሰምቻለሁ። ልጆቹንም ሰምቻለሁ።» ቀጥላም፣ «ድንበሩን ግን አልሰማሁትም። የሰማሁት አንተን ነው» አለችው።

«እኔን? ምን ስል ነው የሰማሽኝ?»

«ስትቀና።»

ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ። ተነሥቶ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። አስተያየት ስጪኝ መቼ አልኩሽ፣ የሰማሽውን ነው እንጂ የመሰለሽን አልጠየቅኩሽም ሊላት ነበር። ይህን ሊል ሲል ቃሉን ገና ከአፉ ሳይወጣ ሰማው፤ ሰምቶም የማን ቃል እንደሆነ አወቀ። ቁጣው እዚያው ቀረ።

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ እያነበበ ማስነገር የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ነገሩን እንደ ከባድ አላየችውም፤ የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች መለሰችለት።

«እኔ እንጃ፣ የመጀመሪያዋ ልጃችን ስትወለድ ገደማ ይሆናል። ድሮማ ብቻህን ጽፈህ ብቻህን ነበር የምታደንቀው። ከዚያ ወዲህ ሳታነብልኝ የላክኸው ወረቀት የለም እኮ። ያንን እንኳ፣ ለኮሚቴው በድንበሩ ላይ የጻፍከውን፣ ስንት ጊዜ አስነገርከኝ። የሳትኩብህን ሁሉ እየሰረዝክ አልነበር?»

ያ እውነት ነበር። የድንበሩን መንገድ ያስቆመው ያ ጽሑፍ የተጻፈው በድንበሩ መንገድ ነበር፤ እንደዚያ የሰላውም ስለዚህ ነው። ሰውዬው ለዓመታት በመስኮቱ ቆሞ የሳቀ መስሎት ነበር። ለካ እየተማረ ነበር። ለማንም አልነገረም፤ ከሁሉ የባሰው ለራሱም አለመንገሩ ነው።

እንደገና ለመጻፍ ጊዜ አልነበረም። ወረቀቱን እንዳለ ኪሱ ከቶ ሄደ።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ከአጥሩ ውጭ ሰው ቆሞ ነበር። ከሩቅ አገር የመጡ መምህራን ነበሩ፤ የውሃውን አቤቱታ ያቀረቡት የዚያ ሰፈር ሰዎችም መጥተዋል። ሰውዬው እዚያም ላይ ሆኖ ሕዝቡን በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ እኔ ስሞት የዚህን እኩሌታ ሰው አገኝ ይሆን አለ በልቡ። ይህን ሳልነግርህ ባልፍ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን እንደዚያ ነበር ያሰበው።

ጊዜው ሲደርስ ወረቀቱን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ያው የተለመደው ነው፤ ግቢው ጸጥ አለ። ልደቱን አነበበ፣ ትምህርቱን አነበበ። «በጊዜው በባልደረቦች መካከል» ከምትለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ዝምታው ስለረዘመ ሰዉ ዕንባ የያዘው መሰለው፤ አንድ ሽማግሌ አይዞህ አሉት። እሱ ግን ወረቀቱን አጠፈው።

«ይህን የጻፍኩትን ቅድም ለባለቤቴ አነበብኩላት» አለ። «የሰማሽውን ንገሪኝ ብላት፣ ድንበሩን አልሰማሁትም አለችኝ። ልክ ናት፤ እንዳይሰማ አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ። የሟቹ ወንድም አንገቱን ቀና አደረገ።

«የሰማሽውን ንገሪኝ ማለትን ያስተማረኝ እሱ ነው። አስተምረኝ ብዬው አላውቅም፤ እሱም እንዳስተማረኝ ሳያውቅ ሞተ። በመንገዱ ላይ ተቃውሞ ስጽፍ እንኳ በመንገዱ ነበር የጻፍኩት። ዛሬ እዚህ የመጣችሁ ተማሪዎቹ ብዙ ናችሁ። እኔም አንዱ ነኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፊት ለፊቱ ከቆሙት ሰዎች አላለፈም፤ ከኋላ የነበሩት ምን አለ፣ ምን አለ እየተባባሉ አንዱ ለሌላው መልሶ እየነገረ እስከ አጥሩ ውጭ ደረሰ።

ቅናቱ በዚያ ቀን ለቀቀው ብዬ አልዋሽህም። ከቀብር ሲመለሱ መንገድ ላይ ለባለቤቱ፣ «ቢሆንም ያንን ነገር እሱ የሰማው ከእኔ ነው፤ ምሳ ስንበላ» አላት። ነገሩን ብዙ ጊዜ ስለሰማችው የምትመልሰው አልጠፋትም።

«አዎ፣ ሰምቶሃል» አለችው። «አንተ ግን ያልከውን ራስህ አልሰማኸውም ነበር። መልሶ የነገረህ እሱ ነው።»



እንግዲህ ምንተስኖት፣ ያንተም ነገር ይህንኑ ይመስላል። ሐሳቡን ራስህ ደርሰህበት ነበር ብለሃል፤ አምንሃለሁ። ያም ሰውዬ አልዋሸም፣ እውነትም ከአፉ ወጥቷል። ምሳ ላይ ከአፍ የወጣ ነገር ግን ብዙ ነው፤ ከትሪው ጋር ይነሣል። ሰው የሚባለው ነገሩን ይዞ ጥዱ ሥር የሚቆመው ነው፤ ዝናብም ቢሆን፣ ሲስቁበትም፣ እያንዳንዱ ልጅ አጠገብ እየሄደ። እኚያ ሽማግሌ ምሁር ይህን አድርገዋል። አንተ ገና አላደረግህም፤ ልታደርግ ግን ትችላለህ፣ ልጅ ነህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህና ላብቃ። ቅድም ገብተህ ስትቀመጥ ከራስህ ወገን በፊት የእሳቸውን ወገን ነገርከኝ፤ ያውም እሳቸው ቢሰሙ አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው በሚሉበት አኳኋን። ሰው ሊከራከር ሲመጣ እንዲህ አያደርግም፤ ወገኑን ይዞ ይጮሃል እንጂ። ከመከራከርህ በፊት የተከራካሪህን ሐሳብ እሱ ራሱ በሚወደው ቃል ተናገርለት ብለው በየኮሌጁ ሲያስተምሩ ያረጁት ማን ናቸው? ስማቸውን ላለመጥራት ልትከራከረኝ መጣህና በእሳቸው መንገድ ተከራከርከኝ። ማስተማሪያህ ውስጥ ስማቸውን አስገባ አታስገባ እኔ አላዝህም። እሳቸው ግን ገብተዋል፤ የቀረው አንተ ማየትህ ነው።

በል፣ እኔ ጨርሻለሁ። አሁን ያንተ ተራ ነው። የመሰለህን ተወው፤ የሰማኸውን ንገረኝ።